«ሲያደርጉት ይሰፋል»

ወደ ስሜን ተራሮች ለመውጣት ያሰበ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ጫማ ይጠይቃል። መጠየቁ ትክክል ነው። ቡይት ራስ ላይ ከመኪና ወርዶ በገደሉ አፋፍ ወደ ሳንቃ በር መራመድ ከጀመረ በኋላ ከእግሩ ሌላ የሚያደርሰው የለም። የሚያንገበግበኝ የሚሰጠው መልስ ነው። ከውጭ የመጣ፣ ስሙ የታወቀ፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን፣ ውሃ የማያስገባ ጫማ ግዛ ይሉታል። ባጭሩ ውድ ጫማ ግዛ ነው። አቅሙ ከሌለህ ቆይ፣ ሲኖርህ ትሄዳለህ። ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ አገሩን ሊያይ የተነሳ ስንቱ ወጣት በዚህ ምክር ጉዞውን እንደተወ አስባለሁ። ደባርቅ ላይ ደግሞ ገና አስጎብኚነት የጀመረ ልጅ የመጀመሪያ ደሞዙን ሳይቀበል ለጫማ ሲበደር ይታያል፤ «እንግዳው እግሬን አይቶ ይንቀኛል» ብሎ ስለሚፈራ።

ይህን እምነት አጥብቄ እቃወማለሁ። የጫማ ምቾት የሚወሰነው ጫማው ከተሰፋበት ቅርጽና ከለባሹ እግር መገጣጠም ነው። ዋጋ ስለዚህ መገጣጠም የሚነግረን ነገር የለም። ሊነግረን የሚችለው ስለ ቆዳው፣ ስለ ስሙ፣ ስለ ጉምሩኩ፣ ስለ ነጋዴው ትርፍ ነው። ዋጋን የምቾት መለኪያ ያደረገ ሰው ደግሞ ገንዘቡን ብቻ አይደለም የሚከስረው፤ የገዛ እግሩን ምስክርነት ማመን ይተዋል።

ይህንን ሱቅ ውስጥ ማየት ይቻላል። ገዢው የጠበበውን ርካሽ ጫማ «ልኬ አይደለም» ብሎ ወዲያው ያወልቀዋል። ውዱ ሲጠበው ግን ያመነታል። ትንሿን ጣቱን ቆንጥጦ ይዞታል፣ ይሰማዋል፣ ግን ዋጋውን ያስባል፣ ስሙን ያስባል። ነጋዴው «ሲያደርጉት ይሰፋል» ይለዋል፤ ገዢውም ለማመን ዝግጁ ነው። ቆዳ ወደ ጎን ትንሽ እንደሚለጠጥ አልክድም። ርዝመቱ ግን አይጨምርም፤ ሶሉም አይሰፋም። በሰው ሠራሽ ጨርቅና በላስቲክ የተሸፈነው አፍንጫ ደግሞ ምንም አይለወጥም ማለት ይቻላል። ተራራ ላይ የሚሰፋው እግሩ ነው። ሙሉ ቀን የተራመደ እግር ያብጣል፤ ጠዋት ልክ የነበረ ጫማ ከሰዓት በኋላ ይጠብበዋል። እናም «ይሰፋል» ተብሎ የተገዛው ጫማ መንገዱ በረዘመ ቁጥር ለባሹን ይበልጥ እየጨመቀ ይሄዳል።

የጫማ እውነት የሚወጣው ደግሞ ቁልቁለት ላይ ነው። ዳገት ላይ ሳንባ ነው የሚደክመው፤ በ3,600 ሜትር ከፍታ ላይ ከግጭ ወደ እሜት ጎጎ ሲወጣ ሰው ስለ ትንፋሹ እንጂ ስለ እግሩ አያወራም። ከጨነቅ ተነስቶ የቧሂትን መተላለፊያ፣ 4,200 ሜትር ገደማ የሚሆነውን አልፎ፣ ወደ መሸሃ ወንዝ ሲወርድ ግን ነገሩ ይለወጣል። ወንዙ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ነው ያለው። 1,400 ሜትር ያህል ቁልቁለት በአንድ ቀን! መንገዱ ድንጋይና ልቅ ጠጠር ነው፤ ጉልበት እያንዳንዱን እርምጃ ይገታል፤ እግር በጫማው ውስጥ ወደ ፊት ይንሸራተታል። ከአውራ ጣት ፊት የአንድ ጣት ውፍረት ያህል ክፍት ቦታ ከሌለ ጥፍሩ የጫማውን አፍንጫ በየእርምጃው ይመታል። መጀመሪያ ይቀላል፣ ማታ ይጠቁራል፣ ከሳምንታት በኋላ ይነቀላል። ተረከዙ ላላ ካለ ደግሞ ቆዳው እየተፋተገ ውሃ ይቋጥራል፤ ፈንድቶ ካልሲው ላይ ሲጣበቅ ማታ ድንኳን ውስጥ ካልሲ ማውለቅ ራሱ ሥቃይ ይሆናል። እዚያ መንገድ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ማሰሪያ እየፈታ የሚያቃስት መንገደኛ ጫማው በስንት እንደተገዛ ቢጠየቅ፣ ብዙ ጊዜ መልሱ ትልቅ ቁጥር ነው።

ዋጋ ምን እንደሚለካ ከእኛው ሀገር የቅርብ ጊዜ ታሪክ መረዳት ይቻላል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም መጨረሻ ላይ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ሲወሰን፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ከውጭ የሚመጣ ጫማ ዋጋውም አብሮ ሄደ። የጫማው ሶል ግን አልወፈረም፤ አፍንጫው አልሰፋም፤ ስፌቱ አልጠነከረም። ያው ጫማ ነው፣ ከዚያው ፋብሪካ የወጣ። በሰኔ መካከለኛ ዋጋ የነበረው ጫማ በመስከረም «የውድ ጫማ» ማዕረግ አገኘ። ዋጋን ተከትሎ የሚገዛ ሰው በሦስት ወር ውስጥ ጫማው ተሻሽሏል ብሎ ማመን ሊኖርበት ነው።

ወይም በረባሶን እንውሰድ። ከመኪና ጎማ የተቆረጠው ሶል ሀገር ቤት የድሃ ምልክት ተብሎ ሲናቅ ኖሯል። ቤተልሔም ጥላሁን እ.ኤ.አ. በ2004 አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር ሶል ሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት ስትመሠርት ያንኑ የጎማ ሶል ይዛ ነው የተነሳችው። የእጅ ሥራው ተጣርቶ፣ ላዩ በሀገር ውስጥ ጨርቅና ቆዳ አምሮ፣ በውጭ ሀገር ሱቆች በውጭ ሀገር ዋጋ ተሸጠ። ሥራዋን አከብራለሁ፤ ዲዛይንና ጥራት ዋጋ ይገባቸዋል። ግን መሬት የሚረግጠው ጎማ እዚህ ሲናቅ የነበረው ጎማ ነው። መንሸራተት የማይወድ ጥሩ ጎማ መሆኑን የበረባሶ ለባሾች ከማንም በፊት ያውቁ ነበር።

ስለ ውሃ መከላከያውም ልናገር፣ ዋጋን ከሚያስወድዱት ነገሮች አንዱ እሱ ነውና። የስሜን ዋና የጉዞ ወቅት ከመስከረም ማለቂያ ጀምሮ ያለው በጋ ነው። በደረቅ ወራት ውሃ የማያስገባ ሽፋን ያለው ጫማ የእግርን ላብም እንደልብ አያስወጣም፤ ላብ ያራሰው ቆዳ ደግሞ ፈጥኖ ይላጣል። ክረምት የሚሄድ ሰው ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ያም ቢሆን ጅረት ሲሻገር ውሃው ከላይ በአንገቱ በኩል ከገባ፣ እንዳይገባ የተሠራው ሽፋን እንዳይወጣም ያደርገዋል። ጫማው ቶሎ አይደርቅም። ተራ ሸራ ጫማ ፀሐይ ላይ ፈጥኖ ይደርቃል።

ነገሩን በጥናት የፈተሹም አሉ። በስኮትላንድ የዳንዲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት ከሦስት ድርጅቶች ርካሽ፣ መካከለኛና ውድ የሩጫ ጫማዎችን ወስደው በእግር መርገጫ ላይ የሚያርፈውን ጫናና የለባሹን ምቾት አነጻጸሩ። ዝቅተኛው ዋጋ 40 ፓውንድ፣ ከፍተኛው 75 ፓውንድ ገደማ ነበር። ውዶቹ የተሻሉ ሆነው አልተገኙም። በካናዳ የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 ለወታደሮች ስድስት ዓይነት የጫማ ውስጥ ንጣፍ አቅርበው «የሚመቻችሁን ምረጡ» አሏቸው። ምርጫው ከሰው ሰው ተለያየ፤ የተመቻቸውን መርጠው ያደረጉት ግን ንጣፍ ካልተሰጣቸው ይልቅ ጉዳት ቀነሰላቸው። በሌላ በኩል የአሜሪካ ጦር ለምልምሎቹ የእግራቸውን ቅርጽ በባለሙያ እያስመረመረ ጫማ ሲመድብላቸው ጉዳቱ አልቀነሰም። ባለሙያ ከውጭ አይቶ ከሚፈርደው ይልቅ የለባሹ ስሜት የተሻለ ዳኛ ሳይሆን አይቀርም ማለት ነው። እነዚህ ጥናቶች በሜዳ ላይ እንጂ በስሜን ገደል ላይ እንዳልተደረጉ አውቃለሁ። ሆኖም ውድ ጫማ ተራራ ላይ ይመቻል የሚለው ወገን በበኩሉ ከዋጋው ሌላ ያቀረበው ማስረጃ የለም።

ተከራካሪዎቼ የሚያነሱት ጠንካራ ነጥብ ትዕግሥት አሰፋ ናት። መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:11:53 ስትጨርስ ከቀደመው የዓለም ክብረ ወሰን ላይ ከሁለት ደቂቃ በላይ ነው የቀነሰችው። ያደረገችው የአዲዳስ ጫማ 500 ዶላር ይሸጥ ነበር። ታዲያ ዋጋ አይናገርም? ይሉኛል። ይናገራል፤ ግን ስለምን? ጫማው 138 ግራም ብቻ ይመዝናል። እያንዳንዱ ጫማ ላይ 100 ግራም ሲጨመር ለሩጫ የሚወጣው ጉልበት በ1 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር ከታወቀ ቆይቷል፤ 500 ዶላሩ የገዛው ይህን ቅለትና ሶሉ ጉልበትን የመመለስ ችሎታውን ነው። ሠሪው ድርጅት ራሱ ጫማው ለአንድ ማራቶንና ለትንሽ መለማመጃ የታሰበ እንደሆነ ተናግሯል። ምቾትም ዘላቂነትም አልተሸጠም። ይህ ምሳሌ ተራራ ላይ ሲመጣ በእነሱው ላይ ይዞራል፤ ለመንገደኛ የሚሸጡት ውድ ቡት ጫማዎች እኮ ብዙ ጊዜ ከባድ ናቸው።

ከትዕግሥት በፊት አበበ ቢቂላ አለ፤ የእሱን ታሪክ ደግሞ ብዙዎች አጣመው ነው የሚጠቅሱት። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም፣ ለአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2:15:16 አሸነፈ። ብዙው ሰው ከዚህ «ኢትዮጵያዊ ጫማ አያስፈልገውም» የሚል ትርጉም ያወጣል። የሆነው ሌላ ነው። ከአቅራቢው ድርጅት የተረፉት ጫማዎች ለእግሩ አልተመቹትም፤ ስለዚህ ተዋቸው። አብሮት የሮጠው አበበ ዋቅጅራም በባዶ እግሩ ሮጦ ሰባተኛ ወጣ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም ቶኪዮ ላይ ግን አበበ ቢቂላ ጫማ አድርጎ፣ ካልሲም አድርጎ፣ በ2:12:11 ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ። በዓለም ላይ ትልቁ ውድድር ፊት ቆሞ፣ የታወቀ ስም ያለው አዲስ ጫማ ቀርቦለት፣ «አይሆነኝም» ማለት የቻለ ሰው ነው። የእግሩን ቃል ከጫማው ስም አስበለጠ። ሱቅ ውስጥ የቆመው ገዢ ከእሱ መማር ያለበት ይህን ነው።

እዚህ ላይ ሌላውንም ስህተት ማለፍ አልፈልግም። የመንገደኛውን ዕቃ የሚያጓጉዙት በቅሎ ጫኞች በኮንጎ ጫማ፣ በቀጭን ላስቲክ፣ ከእንግዳው ቀድመው ማደሪያው ሰፈር ላይ ይደርሳሉ። እንግዳውም አስጎብኚውም «ለምደውታል» ብለው ያልፋሉ። ተረከዛቸውን ዝቅ ብሎ ያየ ሰው እንዲህ አይልም። ንቃቃቱ ስንጥቅ ሆኖ አፈር ሞልቶበታል፤ አንዳንዱ ስንጥቅ ይደማል። ግጭ ላይ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ጓሳው ጠዋት ነጭ ሆኖ ይታያል፤ እነሱ በዚያ ላይ ጣታቸው ተጋልጦ ነው የሚራመዱት። ፈጥነው የሚደርሱት መንገዱን ስለሚያውቁና ከልጅነታቸው ጀምሮ ስለወጡት ነው፤ ኮንጎው ስለተስማማቸው አይደለም። በብዙ የሀገራችን ደጋ አካባቢዎች ደግሞ ባዶ እግር ከዚህም የከፋ መዘዝ አለው። ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው፣ እግርን የሚያሳብጠው በሽታ፣ ከትል የሚመጣ ሳይሆን ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ ነው፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ሠርቶ ያሳየው ነገር ነው። መከላከያው የተዘጋ ጫማና የእግር ንጽሕና ነው። ዋጋ የምቾት መለኪያ አይደለም ስል ጫማ አያስፈልግም ማለቴ እንዳይመስል። ሁሉም እግር የተዘጋ፣ ልኩ የሆነ ጫማ ይገባዋል እያልኩ ነው፤ «ውድ ካልሆነ ጫማ አይደለም» የሚለው እምነት ይህን ነው የሚያዘገየው።

የውድ ጫማ አምልኮ በልግስና ላይም ይታያል። ጉዞ ሲያልቅ እንግዳው ቡት ጫማውን አውልቆ ለበቅሎ ጫኙ ይሰጣል። አሳቡ ቅን ነው። ተቀባዩ ግን 41 ቁጥር የሚያደርግ ሰው ነው፤ ጫማው 44። ሁለት ካልሲ ይደራርባል፣ አፍንጫው ላይ ጨርቅ ይጠቀጥቃል፣ ተረከዙ እየወጣ እየገባ ሁለት ቀን ይሄድና ይተወዋል። «የውጭ ነው» ተብሎ ለበዓል ይቀመጣል። ዓመታት አልፈው ሲያወጡት ሶሉ እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። ሰዎች ይደነግጣሉ፣ ሌባ ነጋዴ ያታለላቸው ይመስላቸዋል። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ በብዙ ውድ ቡቶች ሶል ውስጥ ያለው ፖሊዩሬታን የሚባል ስፖንጅ ከአየር እርጥበት ጋር እየተገናኘ በራሱ ይበሰብሳል፤ ጭራሽ ባይለበስም ይበሰብሳል። ሳልባጅ ተራ ላይ የሚሸጠው ታላቅ ስም ያለው ቡት ከመቼ ጀምሮ ሲጠራቀም እንደኖረ ማንም አያውቅም። እንዲህ ያለውን ጫማ ከመግዛት በፊት ሶሉን በአውራ ጣት አጥብቆ መጫን፣ ጎንበስ አድርጎ ማጠፍ፣ ስንጥቅ ወይም ዱቄት መኖሩን ማየት ያስፈልጋል። አዲስ የተሠራ የሀገር ውስጥ ጫማ፣ ጫማ ሰፊ ሊሰፋውና ሊለጥፈው የሚችል፣ ከእንዲህ ያለው ስም ይሻላል።

ዋጋ ጭራሽ ትርጉም የለውም አልልም። ከተወሰነ ወለል በታች የሚሸጠው ጫማ ሶሉ ለስላሳና ደረቅ ፕላስቲክ ነው፤ እርጥብ ድንጋይ ላይ ያንሸራትታል፣ ማስቲሹ በመጀመሪያው ጭቃ ይለቃል። ያን ወለል ማለፍ ግድ ነው። ከወለሉ በላይ ግን የሚከፈለው እያንዳንዱ ብር የሚያመጣው ምቾት በፍጥነት ይቀንሳል፤ ቀሪውን ምቾት የሚያመጣው ጊዜና ትዕግሥት ነው። ኤማ ጌትዉድ የምትባል አሜሪካዊት አያት እ.ኤ.አ. በ1955፣ በ67 ዓመቷ፣ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን የአፓላቺያን መንገድ ብቻዋን የጨረሰችው በሸራ ጫማ ነው። ሁሉም ሰው እንደሷ ያድርግ አልልም። የተራራ ቡት ግን ለተራራ ግዴታ አለመሆኑን ከሷ የበለጠ ያሳየ የለም።

በዳባት ገበያ የልጇን እግር በስንደዶ ለክታ የምትመጣ እናት አለች። ስንደዶውን ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት አድርሳ ቆርጣ፣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትወርዳለች። ጫማውን አንስታ ስንደዶውን ወደ ውስጥ ትከትና ጫፉን በጣቷ ትዳስሳለች፤ ከዚያ በኋላ ነው ዋጋ የምትጠይቀው። ስፋቱን አለመለካቷ ጉድለት ነው፤ በስንደዶ ፋንታ እግሩን ካርቶን ላይ አቁማ ዙሪያውን በእርሳስ ብታስምረው ሙሉ ይሆንላታል። ቅደም ተከተሏ ግን ከከተሜው ገዢ ይሻላል፤ እሱ ዋጋውን ጠይቆ፣ ስሙን አይቶ፣ በመጨረሻ ነው እግሩን የሚያስታውሰው።

ስለዚህ ለስሜን ጫማ የሚገዛ ሰው ከሰዓት በኋላ ይሂድ፣ እግሩ ሲያብጥ። ተራራ ላይ የሚያደርገውን ወፍራም ካልሲ ይዞ ይሂድ። የውስጡን ንጣፍ አውጥቶ ይቁምበት፤ ጣቶቹ ከንጣፉ ውጭ ከፈሰሱ ያ ጫማ የሌላ ሰው ነው፣ ስሙ ማንም ይሁን። ሁለቱንም እግር ይሞክር፤ አንዱ እግር ከሌላው መብለጡ የተለመደ ነው፣ የሚገዛውም ለትልቁ ነው። ደረጃ ካለ ይውረድ፣ አውራ ጣቱ አፍንጫውን ከነካ ይተወው። ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ማሰሪያውን ከቁርጭምጭሚቱ ሥር አጥብቆ ተረከዙን ወደ ኋላ ይሰር። ከገዛ በኋላም ሠፈሩ ውስጥ ሳምንታት ይሂድበት፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በጉዞው ዋዜማ አዲስ ጫማ ገዝቶ ደባርቅ የሚገባ ሰው ከሰፈሩ አሮጌ ሸራ ጫማውን ይዞ ቢመጣ ይሻለው ነበር።

አስጎብኚ ድርጅቶችም የዕቃ ዝርዝራቸውን ይለውጡ። «ጥራት ያለው የተራራ ቡት» የሚለውን ሰርዘው «ቢያንስ አንድ ወር የተራመዳችሁበት፣ ሶሉ የማያንሸራትት፣ የተዘጋ ጫማ» ይጻፉበት። ጫማውን ለበቅሎ ጫኝ ትቶ መሄድ የሚፈልግ እንግዳም በመጀመሪያው ቀን የሰውዬውን ቁጥር ይጠይቅ፤ ካልገጠመ ጫማውን ይዞ ይሂድና ደባርቅ ላይ በልኩ አንድ ይግዛለት። ከእንግዳው ቡት በጣም ባነሰ ዋጋ ይገኛል። ምሽቱን አብረው ወደ ሱቁ ይሂዱ፣ ሰውዬው ካልሲውን አድርጎ ይሞክር፣ ከሱቁ ደጃፍ ወርዶ መንገዱን አንዴ ሄዶ ይመለስ፣ «ጠበበኝ» ካለ ነጋዴው ሌላ ቁጥር ያምጣለት።